ለትርንጎ «አቤት» የምትል እናት

ልጅ እያለሁ፣ ጎሬ ላይ፣ ለሕፃን ልጅ «አቤት» ብላ የምትመልስ አንዲት እናት ብቻ ነበረች፤ እሷም የእኔ እናት ነበረች። ከተማውን ዞሬ አልቆጠርኩም። የሰፈራችን ሴቶች ግን ሌላ እንደሌለች እየሳቁ ይመሰክሩ ስለነበር እውነት ነው ብዬ ተቀብያለሁ። በዚያ ዘመን «አቤት» ወደ ላይ የሚባል ቃል ነበር። ልጅ ለአባቱ፣ ሎሌ ለጌታው፣ ባለጉዳይ ለዳኛው ይለዋል። እናት ልጇ ሲጠራት «ምን ፈለግህ?» ወይም «ዝም በል!» ነበር የምትለው፤ ያውም ከሰማችው ነው።

እናቴ በላይነሽ ግን ታናሽ እህቴ ትርንጎ ከተወለደች ጀምሮ ሌላ ልማድ አወጣች። ትርንጎ ከመደቡ ላይ ሆና ድምፅ ባሰማች ቁጥር እናቴ ከጓሮ ጎመን እየቀጠፈችም ይሁን ከጎረቤት ቆማ እያወራች «አቤት! መጣሁ!» ትላለች። ወዲያው መድረስ ባትችል እንኳ ድምፅዋ ይቀድማታል። ትርንጎም ድምፁን ስትሰማ ልቅሶዋን ገታ አድርጋ ትጠብቃለች። ይህን ያስተዋልኩት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው የጎረቤቶቻችን ቀልድ ነበር። «እትዬ በላይነሽ፣ እመቤትሽ ጠርተውሻል!» ይሏታል በአጥር ላይ። እሷም አብራቸው ትስቃለች።

አባቴ የኬላ ጸሐፊ ነበር። ቡና የጫኑ በቅሎዎች ወደ ጋምቤላ ሊወርዱ በቤታችን አጠገብ ያልፋሉ። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ጎሬን ከጉብታው ጋር ይሸፍነውና በቅሎዎቹ ከመታየታቸው በፊት ይሸቱናል። እስከ ዛሬ የረጠበ ኮርቻና የቡና ገለፈት አንድ ላይ ከሸተተኝ ስምንት ዓመቴ ነው። ጣሊያን ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት በፊት መሆኑ ነው።

የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ ጥሩነሽ ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። ረጅምና ቀጥ ያሉ ሴት ነበሩ፤ መቀነታቸው አንድ ቀን እንኳ ላልቶ አይቼ አላውቅም። የእናቴ «አቤት» ያንገበግባቸዋል። «ሞልቃቃ ታደርጊያታለሽ» ይሏታል። «ነገ ባል ቤት ስትገባ ማነው አቤት የሚላት? አማቷ?» እናቴ ለአክስቴ መልስ አትሰጥም። እንደ ታላቅ እህቷ ታከብራቸው ነበር።

ትርንጎ ሁለት ዓመቷን ደፍና ጡት አልተው አለች። አክስቴ እሬት አስመጡና እናቴ ተቀባች። ትርንጎ ቀመሰችው፤ ፊቷን አጨማደደች፤ ከዚያ የእናቴን የነጠላ ጫፍ ይዛ ጡቱን ደህና አድርጋ ጠራርጋ ሥራዋን ቀጠለች። በማግስቱ እናቴ ጥላሸት ተቀባች። ትርንጎ የታመመ መስሏት «እፍ፣ እፍ» እያለች ነፋችበት። እናቴ በሳቅ ፈነዳች። አክስቴ ግን አልሳቁም፤ የመጨረሻውን መላ አመጡ። ትርንጎ መቱ ወደሚኖሩት የክርስትና እናቷ ወደ እትዬ አስካለ ትላክ ተባለ።

«ሦስት ሳምንት ብቻ ነው» አሉ አክስቴ። «አንቺ ግን አትሄጂም፤ አትታዪያትም። ድምፅሽንም እንዳትሰማ። ከሰማች ጡቱ ትዝ ይላትና ድካማችን ሁሉ ከንቱ ይሆናል።»

ይህ ክፋት አልነበረም። ጡት የሚጥል ልጅ ዘመድ ቤት መላክ የተለመደ ነበር፤ እኔም እንደዚያው ጡት ጥያለሁ ይባላል። እናቴም እሺ አለች። ትርንጎ ጨርሶ በባዕድ ሰው መሃል እንዳትሆን እኔ አብሬያት እንድሄድ ተወሰነ። በግንቦት ልደታ ማግስት በቅሎ ላይ ከመውጣቴ በፊት እናቴ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ።

«ፋናዬ፣ ስትጠራሽ መልሺላት። መሸከሙ ቢያቅትሽ፣ መሄዱ ባይመችሽ፣ አቤት ብቻ በያት። ጠርታ ዝም እንዳይላት።»

«እኔ? ለእሷ? አቤት?»

«አዎ፣ ለእሷ» አለችኝ፤ ሳቅ ብላ። ዓይኗ ግን አልሳቀም።

መቱ ያን ጊዜ ከገበያ ቀን በቀር ጸጥ ያለች ነበረች። እትዬ አስካለ ወፍራምና ሳቂታ፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ነበሩ። ግቢያቸው እንሰት ሞልቶበታል፤ ከእንሰቱ ወዲያ የቀርከሃ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ወደ ገበያ የሚወስደው መንገድ ነበር። ጎረቤታቸውን ሃዳ ቶሌራ እንላቸዋለን፤ የቶሌራ እናት ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ወተት ይዘው ይመጡና ከእትዬ አስካለ ጋር ኦሮምኛና አማርኛ እየቀላቀሉ ሲጫወቱ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደጀመረ አይለይም ነበር። ትርንጎ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አለቀሰች። እትዬ አስካለ እያዘሉ፣ እያጫወቱ፣ አንዳንዴም አብረዋት እያለቀሱ አላመዷት። ሁለተኛው ሳምንት ሳያልቅ ውሃ ሲያምራት «ቢሻን»፣ ወተት ሲያምራት «አናን» ማለት ጀመረች፤ እትዬ አስካለንም «አስኪ» አለቻቸው።

የእኔ ችግር «አቤት» ነበር። ከሰፈሩ ልጆች ጋር አኩኩሉ ስንጫወት ከጎተራው ሥር ገብቼ ትንፋሼን እውጣለሁ። ትርንጎ ከእትዬ አስካለ ጀርባ ላይ ሆና «ናዬ!» ትላለች። ምን ላድርግ? ቃል ሰጥቻለሁ። «አቤት!» እላለሁ፤ ወዲያው እያዛለሁ። በአንድ ከሰዓት በኋላ አምስት ጊዜ ተያዝኩ። ከእኔ በአንድ ዓመት የሚበልጠው ቶሌራ በዚህ ምክንያት ስም አወጣልኝ። «የትርንጎ ገረድ! ኮቱ፣ ኮቱ፣ ነይ፣ እመቤትሽ ትጠራሻለች!» እያለ ከኋላዬ ይሮጣል። አንድ ቀን ጆሮውን ነክሼዋለሁ። ቢሆንም «አቤት» ማለቴን አልተውኩም።

በሁለተኛው ሳምንት የገበያ ቀን እትዬ አስካለ ገበያ ወርደው ነበር። ሃዳ ቶሌራ ከቤቱ ደጃፍ ቅቤ ይንጣሉ። እኔና ትርንጎ ከእንሰቱ ሥር ተቀምጠን በቅጠል አሻንጉሊት እንሠራለን። ቀና ስል ከቀርከሃው ክፍተት ወዲያ ነጠላ አየሁ። ጥለቱን አውቀዋለሁ። ከነጠላው ኋላ ግንባሯ ቦቃ የሆነችው በቅሎአችን ቆማለች። እናቴ ነበረች። ገበያ አሳብባ፣ ከአክስቴ ተደብቃ፣ ልጇን በአጥር ቀዳዳ ልታይ መጥታለች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም እንድል አመለከተችኝ።

ትርንጎ ምን እንዳየች ወይም ምን እንደሸተታት አላውቅም። ብድግ ብላ ወደ አጥሩ ዞረች። «እማ?» አለች። ከወዲያ በኩል ዝም። «እማ?» አለች ደግማ። እናቴ በሁለት እጇ አፏን ይዛለች። ሦስተኛውን በጣም ጮክ ብላ ጠራች። መልስ የለም። ያኔ እኔ የተነገረኝን አደረግሁ፤ «አቤት» አልኩ። ትርንጎ ዞር ብላ አየችኝ። አንቺን ማን ጠራሽ የሚል አስተያየት ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ልጅ ብሆንም አለማልቀሷ አስፈራኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «እማ» የሚለው ቃል ከአፏ ጠፋ።

ሦስቱ ሳምንት ሲያልቅ ሰው ይመጣል ተብሎ ነበር፤ ክረምቱ ቀደመ። በመንገዱ ያሉት ወንዞች ሞሉ። አንድ መልእክተኛ በዋና ተሻግሮ መጥቶ እስከ መስቀል ታገሡ መባሉን ነገረን። የኢሉባቦር ዝናብ ሲይዝ አይለቅም። ያን ክረምት ኦሮምኛ ለመድኩ፤ ከቶሌራም ታረቅሁ። ትርንጎ በአራት ወር ውስጥ ጥርሶቿ ሞሉ፣ መሮጥ ቻለች፣ እሸት በቆሎ ከነቆረቆንዳው መጋጥ አወቀች። ጡት የሚባል ነገር ያለ አይመስላትም። የአክስቴ መላ ሠርቶ ነበር።

የመስቀል ችቦ ከነደደ በሦስተኛው ቀን እናቴ መጣች፤ አክስቴም በሌላ በቅሎ ከኋላዋ። እናቴ ከስታለች። ሮጬ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ፤ እሷም ሳመችኝ። ግን በትከሻዬ ላይ አሻግራ ትርንጎን ትፈልጋለች። ትርንጎ የእትዬ አስካለን ቀሚስ ይዛ ከኋላቸው ቆማለች።

«በይ ሂጂ! እናትሽ መጣች እኮ፣ ሳሚያት!» አሉ አክስቴ፤ ትከሻዋን ይዘው ወደፊት ገፋ አደረጓት። እናቴ እጆቿን ዘረጋች። ትርንጎ የተዘረጉትን እጆች አየችና «ዲሲ!» አለች።

ሃዳ ቶሌራ ሳቅ አመለጣቸውና አፋቸውን ያዙ። አክስቴ በስንት ዓመት የጎሬ ኑሮ አንድ የኦሮምኛ ቃል እንኳ ያልለመዱ ሰው ነበሩ። «ምን አለች? ምን አለች?» ብለው ዙሪያቸውን ጠየቁ። ማንም ሊተረጉምላቸው አልደፈረም።

«ተዪኝ አለችኝ» አለች እናቴ። ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጣ።

አክስቴ ነገሩን ቀለል አድርገው ያዙት። ጡቱን ትታለች፣ የቀረው ነገር ምንም አይደለም፣ ነገ በማለዳ አዝለናት እንሄዳለን፣ መንገድ ላይ ብታለቅስም ጎሬ ሳንደርስ ይወጣላታል አሉ። እናቴ መሬት ላይ እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየቻቸው።

«እርስዎ ይቅደሙ፣ እትዬ ጥሩነሽ። እኔ ሳትጠራኝ አልወስዳትም።»

እናቴ ለአክስቴ እንዲህ ስትመልስ ያን ቀን ነው መጀመሪያ የሰማሁት። አክስቴም ያልጠበቁት ነበር። «እስከ መቼ?» አሉ። «እስክትጠራኝ» አለች። «ጭራሹን ባትጠራሽስ?»

 እናቴ የአጥሩን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸው። ሦስት ጊዜ ጠርታኝ ዝም ብያታለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አለች።  አክስቴም በቅሎዎቹ ደክመዋል፣ እኔም ብቆይ ይሻላል አሉ። በቅሎዎቹ ሣር እየጋጡ ነበር፤ ምንም የደከሙ አይመስሉም።

በማግስቱ እናቴ ከግቢው መሃል ቁርበት አንጥፋ እንዝርቷን ይዛ ተቀመጠች። ትፈትላለች፤ ሌላ ምንም አታደርግም። አትጠራትም፣ አትይዛትም፣ ፊቷ አታለቅስም። ትርንጎ ከእንሰቱ ሥር ሆና ስታያት እናቴ ፈገግ ትላለች፤ ፊቷን ስታዞር እናቴም ወደ እንዝርቷ ትመለሳለች። ትርንጎ አንድ ባዶ ቅል አገኘችና በእንጨት ሁለት ጊዜ መታችው። እናቴ መሬቱን በእጇ ሁለት ጊዜ መታች። ትርንጎ ቆም ብላ አሰበች። ሦስት ጊዜ መታች። እናቴም ሦስት ጊዜ። አክስቴ ከደጃፉ ሆነው «ትልቅ ሰው!» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ግን ከዚያ ቦታ አልተነሡም።

ያኔም ቢሆን ነገር መለካት እወድ ነበር። በትርንጎና በእናቴ ቁርበት መካከል ያለው ርቀት በመጀመሪያው ቀን በእኔ እርምጃ ሃያ ነበር። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ደረሰ። ዶሮ አባርራት ወደ ኋላ ሸሽታ አሥራ ሦስት ሆነ፤ እንደገና ዘጠኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዜሮ ሆነ፤ መጥታ እንዝርቱን በጣቷ ነካችው። እናቴ ለቀቀችላት። ትርንጎ እንዝርቱን መንጭቃ ሮጠች።

ክሩ ከኋላዋ እየተተረተረ እስከ በሩ ሄደ፤ እዚያ ሲደርስ ተበጠሰ። «የሦስት ቀን ፈትል!» ብለው አክስቴ ጮኹ። ልከተላት ስነሣ እናቴ ቀሚሴን ያዘችኝ። ትርንጎ ከበሩ ወጥታ በአጥሩ ጥግ ጥግ ሄደችና ቆመች። በቀርከሃው ክፍተት አንድ ዓይን ብቻ ይታየን ነበር። ቦታውን አውቀዋለሁ። እናቴ የቆመችበት ቦታ ነበር። ልጅቷ ይህን አውቃ ነው ብዬ አልጽፍም፤ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አልሞላትም። ያየሁትን ነው የምናገረው።

«እማ?»

ሃዳ ቶሌራ የያዙትን ቅል አስቀመጡ። እትዬ አስካለ ባሉበት ቆሙ።

«አቤት!» አለች እናቴ። ዶሮዎቹ እስኪበተኑ ድረስ ነበር የጮኸችው።

 ከአጥሩ ወዲያ ትርንጎ ጠንከር ባለ ድምፅ «እማ!» አለች። «አቤት!» «እማ!» «አቤት!» አራተኛው ላይ ከአጥሩ ወዲያ ሳቅ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ማንም ሊያስቆማቸው አልቻለም። እስከ አርባ ሦስት ድረስ ቆጥሬአለሁ፤ ከዚያ ቶሌራ በኦሮምኛ መቁጠር ጀምሮ ቁጥሬን አጠፋብኝ። እናቴ ድምፅዋ ሻከረ። ዓይኗን ትጠርጋለች፣ ትስቃለች፣ ትመልሳለች። በመጨረሻ «እማ!» ስትባል አፏን ብትከፍት ሳል ብቻ ወጣ። «እማ!» አለች ትርንጎ ደግማ፤ አሁን ድምፅዋ ትንሽ ፈራ ብሏል።

አክስቴ ጥሩነሽ ከደጃፉ ዘለው ተነሡ። «ኧረ መልሺላት እንጂ! ልጅቷ እየጠራች አይደል? አቤት በያት!»

«አቤት!» አለች እናቴ፤ የቀረውን ድምፅዋን ሁሉ አውጥታ።

ትርንጎ በበሩ ገባች፤ እንዝርቱን እንደያዘች፣ ሳትሮጥ። መጥታ እናቴ ጭን ላይ ተቀመጠች። እንዝርቱን መለሰችላት። ከዚያ እንደ ባለቤት ግቢውን ቃኘችና «አስኪ! አናን!» ብላ አዘዘች። እትዬ አስካለ በአንድ እጃቸው እንባቸውን እየጠረጉ በሌላው ወተቱን አመጡ። ትርንጎ የእናቷ ጭን ላይ ሆና በዋንጫ ጠጣች። ጡቱን ዞር ብላ እንኳ አላየችውም።

ስንመለስ እናቴ አንድ ነገር አደረገች፤ ዋጋውን የተረዳሁት ግን ብዙ ቆይቼ ነው። እትዬ አስካለን ለምና ጎሬ ይዛቸው ሄደች፤ አንድ ወር ከእኛ ጋር ተቀመጡ። አንዷን አገኘች ብዬ ሌላዋን አላሳጣትም አለች። ከእነዚያ ቀናት በአንዱ እናቴ ምንጭ ወርዳ ሳለ ትርንጎ ከውስጥ «እማ!» ስትል ሰማሁ። አክስቴ ጥሩነሽ ግራ ቀኝ ተመለከቱ፤ ማንም የሌለ ሲመስላቸው በቀስታ «አቤት» አሉ። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

አክስቴ የፈሩት ሞልቃቃነት አልመጣም። ትርንጎ ከሁላችንም ይልቅ ርቃ የምትጫወት ልጅ ሆነች። ጉሬዛ ልታይ እስከ ጫካው ጥግ ትሄዳለች፤ እዚያ ሆና «እማ!» ብላ ትጮኻለች፤ መልሱን ስትሰማ ጥቂት ትጨምራለች። በጽሑፍ ሥራዬ ምክንያት ስለ ልጆች አስተዳደግ የሚያውቁ ሐኪሞችን አነጋግሬ አውቃለሁ። ጥሪው ቶሎ የሚመለስለት ልጅ ልቡ ይረጋል፣ ልቡ ሲረጋ ርቆ ለመሄድ ይደፍራል ብለውኛል። በማስታወሻዬ በጥንቃቄ ጻፍኩት። እጄ ሲጽፍ ልቤ ግን ሃያ፣ ዘጠኝ፣ አሥራ ሦስት፣ ዘጠኝ፣ ዜሮ ይላል።

ዛሬ ከጎሬ መቱ መኪና አለ፤ ግማሽ ቀን የፈጀብን መንገድ ወሬ ሳያልቅ ያልቃል። የቀርከሃው አጥር የነበረበት ቦታ የቆርቆሮ ሱቅ ተሠርቶበታል። ጡት ለማስጣል ልጁን የሚልክ ሰውም ብዙ አላይም፤ ጡጦ ገበያው ላይ ሞልቷል። ቶሌራ ሽማግሌ ሆኗል፤ ባገኘኝ ቁጥር ጆሮውን እያሳየ ይከሰኛል። ትርንጎ መቱ ቤት ሠርታ አምስት ልጆች አሳድጋለች። ስለዚያ ክረምት ጠይቄአት አንድም ነገር አታስታውስም። «ውሸትሽን ነው» ትለኛለች።

እናታችን የመጨረሻዎቹን ዓመታት ከእሷ ጋር ነበረች። ዓይኗ ደክሞ ነበር፤ ያወራችውንም ቶሎ ትረሳለች። ልጠይቃት ስሄድ እንደ ድሮው ግቢው መሃል ቁርበት ላይ ተቀምጣ አገኛታለሁ። በየጊዜው «ትርንጎ?» ትላለች። ትርንጎ ከጓሮም ትሁን ከማጀት «አቤት፣ እማ!» ትላለች። ጥቂት ቆይታ እናታችን እንደገና «ትርንጎ?» ትላለች። «አቤት!» በትርንጎ ድምፅ ውስጥ መሰልቸት ይኖር እንደሆነ ጆሮዬን አቁሜ አዳምጫለሁ፤ አላገኘሁም። እዚህም እስከ አርባ ድረስ ቆጥሬ ተውኩት።

አንድ ቀን ትርንጎ ጎረቤት ሄዳ ሳለ እናታችን ጠራች። «ትርንጎ?» መልስ የለም። «ትርንጎ?» አለች ደግማ። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ ሸምግዬም ቢሆን የተሰጠኝ ትእዛዝ አልተሻረም። «አቤት» አልኩ።

እናቴ በፈዘዙት ዓይኖቿ ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺን አይደለም የጠራሁት፣ ፋናዬ» አለች። ከዚያ ትርንጎ እስክትመጣ ተረጋግታ ጠበቀች።